ተበትኖ የተመለሰ የሮክ ባንድ በዲሲ ለማየት፦ ቲኬቱ፣ ምሽቱና መቆሚያው

የባንዱ ስም ፖስተር ላይ ስለተጻፈ ብቻ ያ የምታውቁት ባንድ ይመጣል ማለት አይደለም። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው የሚጫወቱ የኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የበቀለ ሮክ) ባንዶች ላይ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ የሚገዛው ስሙን ነው፣ መድረክ ላይ የሚያገኘው ግን አንዳንዴ ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ የቲኬት ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት የመጀመሪያው ሥራ ማን ማን እንደሚጫወት ማጣራት ነው።

ፒክሲስ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ እንውሰድ። በ1993 ተበትነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሚያዝያ 2004 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአንድ ትንሽ ክለብ ዳግም መድረክ ላይ ወጡ። ያኔ አራቱም ነባር አባላት ነበሩ። ቤዝ ጊታር የምትጫወተውና በድምፅ የምታጅበው ኪም ዲል ግን በ2013 ለቀቀች። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ቲኬቱ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ ሁለተኛውን ድምፅ የምታወጣው ግን ሌላ ሰው ናት። ባንዱ በዚህ አይናቅም። የእሷን ድምፅ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አሜሪካን ፉትቦል የሚባሉት የኢሊኖይ ልጆች በ1999 አልበማቸውን ሲያወጡ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ቋሚ የቤዝ ተጫዋች አልነበራቸውም። በ2014 ሲመለሱ የድምፃዊው ዘመድ ኔት ኪንሴላ ቤዝ ይዞ ተጨመረ። እንዲህ ያለው መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ለጆሮ ደግ ነው፤ በቀረፃ ጊዜ እየተደራረበ የተሠራውን ነገር ሦስት ሰው መድረክ ላይ ሊያወጣው አይችልም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የድሮውን የአልበም ፎቶ ሳይሆን ዘንድሮ የተነሱትን ፎቶ ፈልጉ። ዘንድሮ ሌላ ከተማ ሲጫወቱ ሰው በስልኩ የቀዳውን ቪዲዮ ተመልከቱና ሰዎቹን ቁጠሩ። ማስታወቂያው «የእገሌ ባንድ አባላት ያሉበት» የሚል ከሆነ ደግሞ ከነባሮቹ አንድ ሰው ብቻ ይመጣል ብላችሁ ተዘጋጁ።

ቀጥሎ ለምን አሁን እንደተመለሱ ማየት ነው። ይህ ወሬ ለማወቅ ያህል አይደለም፤ ምን እንደሚጫወቱ የሚወስነው እሱ ነው። አብዛኛው መመለስ የሚነሳው ከአንድ አሮጌ አልበም ዳግም ሕትመት ወይም ከአሥረኛ፣ ከሃያኛ ዓመት መታሰቢያው ነው። የዲሲው ዲዝሜምበርመንት ፕላን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በ2003 ተለያዩ፣ በ1999 ያወጡት አልበም በ2011 በሸክላ እንደገና ሲታተም ተሰባስበው አጭር ጉዞ አደረጉ፣ በ2013 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ። በ2011 የሄደ ሰው የሰማው በአብዛኛው የሚያውቀውን ነው። ከ2013 በኋላ የሄደ ሰው ግን አዲሶቹንም አብሮ መስማት ነበረበት። አዲስ አልበም ያለው ባንድ ከዝግጅቱ ጥሩ ድርሻ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ያንን ካልፈለጋችሁ አልበሙ ሳይወጣ በፊት ያለውን ጉዞ ያዙ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ ዲሲ የቀረው ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ የ1985ቱ ካሴቱ በ2013 በሸክላና በሲዲ ዳግም ሲታተም ነው ወደ ዓለም መድረክ የተመለሰው። አሮጌው ሥራ አዲስ አድማጭ ያገኛል፣ አዘጋጆች ይደውላሉ፣ ሙዚቀኛው ይለማመዳል። የሮክ ባንዶቹም መንገድ ይኸው ነው።

«ሙሉ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ» ተብሎ ለተሸጠ ምሽት ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የኢንዲ ሮክ አልበም ከ40 ደቂቃ ብዙም አይርቅም፤ የዋና ባንድ ዝግጅት ደግሞ 75 እስከ 90 ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ በምን እንደሚሞላ ያለፉትን ከተሞች ዝርዝር አይታችሁ እወቁ። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። የምትወዱት ዘፈን የአልበሙ የመጀመሪያ ከሆነ፣ እንደ አሜሪካን ፉትቦል አድናቂዎች፣ አርፍዶ መድረስ ማለት እሱን ማጣት ማለት ነው።

የትኛውን ምሽት?

ምርጫ ካላችሁ የጉዞውን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ምሽቶች ተዉአቸው። ለአሥር ዓመት አብረው ያልተጫወቱ ሰዎች ዘፈኑን አይረሱም፤ የሚረሱት መጋጠሚያውን ነው። የከበሮው መግቢያ ይዘገያል፣ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲያልፉ ጊታር ማስተካከሉ ይረዝማል፣ በጉጉት የተነሳ ፍጥነቱ ከአልበሙ ይበልጣል። ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ምሽት በኋላ ይህ ይጠራል። ግን ደግሞ የድምፃዊው ጉሮሮ አለ። በተከታታይ ለአራት ምሽት የጮኸ የሃምሳ ዓመት ሰው ከፍ ያለውን ኖታ ለተመልካቹ ትቶ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። የጉዞውን ሰሌዳ ዘርግታችሁ ከዕረፍት ቀን በኋላ ያለውን ምሽት ፈልጉ። ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

አንዳንዱ ባንድ ሙሉውን ዝግጅት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይጫወታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በሃያ ዓመት የተቀዳን ድምፅ በሃምሳ ዓመት ለማውጣት ትክክለኛው ዘዴ ነው። ጆሯችሁ «የሆነ ነገር ተለየብኝ» ካላችሁ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

በአንድ ከተማ ሁለት ምሽት የሚጫወቱ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። ክፍሉን ለምደውታል፣ የድምፅ ባለሙያውም ትናንት ያበጀውን ይዞ ነው የሚጀምረው፣ ብዙዎቹም የዘፈኖቹን ዝርዝር ይለውጣሉ። በየምሽቱ የተጫወቱትን አድናቂዎች የሚመዘግቡበት ሴትሊስት ኤፍኤም የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ የሦስት ከተማ ዝርዝር ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ የማይቀሩትንና የሚቀያየሩትን ትለያላችሁ። በድሮ አልበሞች ላይ ብቻ አትተማመኑ። ፔቭመንት በ2022 ሲመለሱ ወጣቱ ተመልካች አብሮ የዘፈነው ከአልበም ተጥሎ በ1999 በሌላ ዘፈን ተደራቢነት የወጣን አንድ ዘፈን ነው፤ ስፖቲፋይ በራሱ ጊዜ እያስከተለ ሲያጫውተው ከባንዱ ሥራዎች ሁሉ በላይ ተደማጭ ሆኖ ተገኘ። የድሮ አድናቂዎች ግራ ተጋብተው ነበር።

ፌስቲቫልና ክለብ ከተወዳደሩ፣ ያለጥርጥር ክለብ። ፌስቲቫል ላይ 50 ወይም 60 ደቂቃ ነው የሚሰጣቸው፣ የተሟላ የድምፅ ፍተሻም የለም፤ እያንዳንዱ ማይክ መሥራቱ ብቻ ታይቶ ይገባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች የባለሙያው መለማመጃ ናቸው። ከመድረኩ 100 ሜትር ከራቃችሁ ደግሞ ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ነው የሚጓዘው፤ የከበሮው ዱላ ሲወርድ ካያችሁ በኋላ ድምፁ የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ይደርሳችኋል።

ቲኬት

የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ረቡዕ ወይም ሐሙስ በኮድ የሚከፈት ቅድመ ሽያጭ ይኖራል፤ ኮዱ የሚመጣው በባንዱ ወይም በክለቡ የኢሜይል ዝርዝር ስለሆነ ማስታወቂያው እንደወጣ ተመዝገቡ። ለሁሉም የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ጠዋት በአሜሪካ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ነው። 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ፣ ካርዳችሁን ቀድማችሁ አስመዝግቡ፣ በአንድ አካውንት በሦስት መስኮት አትክፈቱ። ሲስተሙ ሮቦት ነው ብሎ ከሰልፉ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

አለቀ ሲባል ወዲያው ወደ ዳግም ሻጭ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ምሽት ይጨመራል። ካልተጨመረም ለባንዱ እንግዶችና ለመሣሪያ ቦታ ተብለው የተያዙ ቲኬቶች ዝግጅቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንዳንዴም በዕለቱ ከሰዓት በኋላ፣ በመደበኛ ዋጋ ይለቀቃሉ። የዳግም ሻጮችም ዋጋ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ይወርዳል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ያልተሸጠ ቲኬት ለሻጩ ወረቀት ነው። ይህ ግን ልብ ይጠይቃል፤ ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከሆነ አትሞክሩት።

ከማያውቁት ሰው በስክሪንሾት ቲኬት መግዛት የለም። የብዙዎቹ መተግበሪያዎች ባርኮድ በየጥቂት ሰከንዱ ይቀያየራል፣ በር ላይ ፎቶ አይሠራም። ሻጩ በመተግበሪያው በኩል ወደ ስማችሁ ያዛውር፤ ገንዘብ ከዚያ በኋላ። ከግንቦት 2025 ጀምሮ በአሜሪካ የቲኬት ሻጮች ክፍያዎቹ ሁሉ የተካተቱበትን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት ግዴታቸው ነው። መጨረሻ ላይ ዋጋው ድንገት ካደገባችሁ ገጹን ዝጉ። ሜሪላንድ ደግሞ በ2024 ባወጣችው ሕግ ሻጩ እጁ ያልገባውን ቲኬት እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚደረግ ዝግጅት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ክለቦቹ

በዲሲ እንዲህ ያሉ ባንዶች በብዛት የሚመጡት ናይን ተርቲ ክለብ ነው። ከ1996 ጀምሮ በቪ ጎዳና ላይ ነው ያለው፤ 1,200 ሰው ያህል ይይዛል፣ ወለሉ ሁሉ መቆሚያ ነው፣ በረንዳው ሦስቱን ጎን ይዞራል። በዩ ስትሪት የሜትሮ ጣቢያ ወርዳችሁ በ10ኛው ጎዳና በኩል ብትወጡ አምስት ደቂቃ የማይሞላ የእግር መንገድ ነው። ብላክ ካት 14ኛው ጎዳና ላይ ነው፤ ለእሱ በ13ኛው በኩል ውጡ። እሱ ከናይን ተርቲ ያነሰ ስለሆነ የትም ብትቆሙ መድረኩ ቅርብ ነው። በዋርፍ ያለው ዘ አንተም 6,000 ሰው ይይዛል፤ ለሰፊ ባንድ እንጂ ለጠባብ ጊታር ሙዚቃ አይመከርም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው ፊልሞር በእግር የሚደረስበት ነው፣ 2,000 ሰው ይይዛል።

ናይን ተርቲ ከ9ኛው ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን ጥቂት እርምጃ ላይ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብሉ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በያይነቱ ይበቃል፤ ክትፎ በልቶ ለሦስት ሰዓት በሰው መሀል መቆም ግን የሚመከር አይደለም።

ሰዓት ላይ ሰው ይሳሳታል። ቲኬቱ ላይ «ዶርስ 7» ከተባለ በአሜሪካ አቆጣጠር ምሽት 7 ሰዓት ነው፣ በእኛ 1 ሰዓት፤ ያውም በሩ የሚከፈትበት እንጂ ባንዱ የሚጀምርበት አይደለም። መክፈቻው ባንድ 8 ሰዓት ገደማ ይወጣል፣ ዋናው 9 ወይም 9:15 ላይ፣ 11 ሳይሞላ ያልቃል። ክለቡ የዕለቱን ትክክለኛ ሰዓት ከሰዓት በኋላ በማኅበራዊ ገጹ ላይ ይለጥፋል። በአበሻ ሰዓት እንደርሳለን ያለ ሰው ግማሹን አይሰማም። እነዚህ ሰዎች ሰዓት ያከብራሉ።

መታወቂያ ያዙ። እነዚህ ክለቦች በአብዛኛው ለሁሉም ዕድሜ ክፍት ናቸው፣ ከ21 በታች የሆነ ሰው እጁ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ዲሲ ውስጥ ይህ የኤክስ ምልክት ታሪክ አለው፤ ቲን አይድልስ የሚባሉ የዲሲ ልጆች በ1980 ሳን ፍራንሲስኮ ሄደው ሲጫወቱ እጃቸው ላይ ተደርጎባቸው ልማዱን ይዘው የመጡት ነው። ቦርሳ ቤት ተዉ፤ ትልቅ ቦርሳ በር ላይ ይመለሳል።

የት መቆም?

ፊት ለፊት፣ ከመድረኩ ጠርዝ ጋር ተለጥፎ መቆም ድምፅ ለሚወድ ሰው ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው። ምክንያቱም በትንሽ ክለብ ውስጥ የድምፃዊው ድምፅ የሚወጣው ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከተሰቀሉት ትልልቅ ስፒከሮች ነው፤ እነሱ ወደ አዳራሹ መሀል ነው የሚተኩሱት፣ የፊተኛውን ረድፍ በላዩ ያልፉታል። ፊት የቆመው ሰው የሚሰማው ከተጫዋቾቹ ጀርባ ያለውን የጊታር አምፕሊፋየርና የከበሮውን ቀጥታ ድምፅ ነው። ዳይኖሰር ጁኒየርን አስቡ፤ በ2005 ነባር አባላቱ ተመልሰው ሲገናኙ ጊታር ተጫዋቹና ድምፃዊው ጄ ማስሲስ እንደ ድሮው ሦስት ሙሉ ቁልል ማርሻል አምፕሊፋየር ከጀርባው ደርድሮ ነበር። ከፊቱ የቆመ ሰው ጊታር ይሰማል፣ ዘፈኑን በግምት ይከተላል።

ምርጡ ቦታ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰር (ድምፆቹን የሚያመጣጥንበት ጠረጴዛ) ፊት ወይም አጠገብ ነው። እሱ የሚያበጀው እሱ ጋ በሚሰማው ልክ ስለሆነ የምትሰሙት እሱ የሚሰማውን ነው። እዚያ ቦታ ካልተገኘ ከመድረኩ እስከ ኋላው ግድግዳ ያለውን ርቀት ከፍሉና ከሦስት አንዱ ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ጎን ቁሙ። ግድግዳ ጥግ አትቁሙ፤ የቤዙ ድምፅ እዚያ ይከማችና ሁሉንም ነገር ይውጠዋል። ከበረንዳው ስር የገባ ሰው ደግሞ የሲምባሉን (የከበሮው የብረት ሳህን) ጥራት ያጣል። ቁመታችሁ አጭር ከሆነ በረንዳው የፊት ጠርዝ ላይ መቆም ይሻላል፤ ያ ግን በሩ እንደተከፈተ ነው የሚያዘው፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ አይጠብቃችሁም።

ጆሮ

እዚህ ላይ ማላገጥ አይገባም። የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ የሚለው ይህ ነው፤ 85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) በሚደርስ ድምፅ ውስጥ መቆየት የሚገባው ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሮክ ክለብ ደግሞ 100 ላይ መድረሱ ተራ ነገር ነው። 15 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ መሰኪያ ካደረጋችሁ ያው 100 ወደ 85 ይወርድና ምሽቱን ሙሉ ያለ ስጋት ትቆማላችሁ። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ተቋሙ ለአይፎን በነፃ ያወጣው የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ አለ፤ መክፈቻው ባንድ ሲጫወት ለኩበት።

ማይ ብለዲ ቫለንታይን በ2008 ሲመለሱ በየበሩ መሰኪያ ያድሉ ነበር፣ ለይስሙላም አልነበረም። በመዝጊያቸው ዘፈን መሀል አንድ ጩኸት ላይ ቆመው ከ15 ደቂቃ በላይ ይቆዩ ነበር፤ ደረት ይንቀጠቀጥ፣ የሱሪ እግር ይርገበገብ ነበር። ያለ መሰኪያ ያንን መቋቋም ጀግንነት ሳይሆን በዘላቂ ጉዳት መጫወት ነው።

ቢጫው ወይም ብርቱካናማው የስፖንጅ መሰኪያ ርካሽ ነው፣ አብዛኛው ሰው ግን አገባቡን አያውቅም። በእጃችሁ ላብ ሳይኖር በሁለት ጣት መሀል እያሽከረከራችሁ ቀጭን እንጨት እስኪመስል አጥብቁት። በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞራችሁ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ የጆሮ ቀዳዳው የሚቃናው ያኔ ነው። አስገቡና 30 ሰከንድ በጣት ደግፋችሁ ያዙት፣ ውስጥ እስኪነፋ። በትክክል ከገባ የራሳችሁ ድምፅ ወፍራም ሆኖ ይሰማችኋል። ግማሹ ከጆሮ ውጭ ተንጠልጥሎ ከታየ ምንም አልሠራም።

የስፖንጁ ጉድለት ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ መቁረጡ ነው፤ ሲምባልና የዘፈን ቃላት ይደበዝዛሉ፣ ቤዝ ብቻ ይቀራል። ለሙዚቀኛ የተሠሩት ባለ ማጣሪያ መሰኪያዎች ሁሉንም በእኩል ይቀንሳሉ፤ ከ20 እስከ 35 ዶላር ያወጣሉ፣ ለዓመታት ያገለግላሉ። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው በራስ ላይ የሚጠለቀውን መከላከያ ይግዛለት፤ ስፖንጁ በትንሽ ጆሮ አይቀመጥም። በማግስቱ የጆሮ ጩኸት ካለና ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

መድረኩን ማንበብ

በመክፈቻውና በዋናው ባንድ መካከል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አለ። ሠራተኞቹ ጊታር ሲያስተካክሉ ባንዱ ገና ነው። ነጭ ወረቀት በፕላስተር ወለሉ ላይ ሲለጠፍ፣ ፎጣና ውኃ ከየማይኩ ስር ሲቀመጥ፣ አምስት ደቂቃ ቢቀረው ነው። ቢራ ለመግዛት የመጨረሻው ሰዓት ያ ነው። ከመድረኩ ጎን ያለውን የጊታር መደርደሪያም ቁጠሩ። ስምንት ዘጠኝ ጊታር ካለ ባንዱ በተለያየ ቅኝት ነው የሚጫወተው፤ አንዳንዱ እንደ አሜሪካን ፉትቦል ከላይ እስከ ታች የተለወጠ ቅኝት ስላለው በሁለት ዘፈን መካከል ጊታር ይቀየራል። የእኛ ጆሮ ትዝታና አምባሰል ሲቀያየሩ ክራሩ እንደሚቃኝ ስለሚያውቅ ይህ መቋረጥ ሊከብደው አይገባም። በዚያ ክፍተት «ያንን ዘፈን!» ብሎ መጮህ ግን አይጠቅምም፤ ለዚያ ዘፈን የተቃኘው ጊታር ተራው ላይ ነው።

ስልክን በተመለከተ፣ የሚከለክሉ አሉ። ኒውትራል ሚልክ ሆቴል በ2013 ሲመለሱ ፎቶም ቪዲዮም እንዳይነሳ በየምሽቱ ይጠይቁ ነበር፣ ሕዝቡም ያከብርላቸው ነበር። ካልተከለከለ አንድ ዘፈን ቅዱና ኪስ ውስጥ ክተቱት። ከኋላችሁ የቆመው ሰውም ከፍሏል።

የዲዝሜምበርመንት ፕላን ዓይነት ባንድ ጋ ከሄዳችሁ አንድ የተለየ ልማድ አለ፤ በአንድ ታዋቂ ዘፈናቸው ላይ ተመልካቹ መድረክ ወጥቶ አብሯቸው ይጨፍራል። መውጣት የሚቻለው ድምፃዊው ሲጠራ ብቻ ነው። ከወጣችሁ ወለሉን እዩ። ጊታር ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት የተደረደሩት ትንንሽ ሣጥኖች ፔዳል ይባላሉ፤ አንዱን ብትረግጡ የጊታሩ ድምፅ በቅጽበት ይለወጣል ወይም ይጠፋል፣ ተጫዋቹም ጎንበስ ብሎ እስኪያገኘው የዘፈኑ ግማሽ ያልቃል። ከከበሮው ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ ሂዱ፣ ገመድ አትዝለሉ፣ መጠጥ ይዛችሁ አትውጡ። እስክስታ ከተቻለ በትከሻ ብቻ፤ እግር ማንቀሳቀሻ ቦታ የለም።

የመጨረሻው ዘፈን አልቆ ባንዱ ሲገባ መብራቱን ተመልከቱ። አዳራሹ ጨለማ እንደሆነ ከቀረና ከስፒከሩ ሙዚቃ ካልተከፈተ ይመለሳሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ይቀራል። መብራት በርቶ የሌላ ሰው ሙዚቃ ከተከፈተ አለቀ፤ ማጨብጨቡ አያመጣቸውም።

ቲሸርትና ሸክላ የምትገዙ ከሆነ ዋናው ባንድ ከመውጣቱ በፊት ግዙ። ከዝግጅቱ በኋላ ሰልፉ ረጅም ነው፣ መካከለኛና ትልቅ ቁጥር ቀድሞ ያልቃል። ሸክላ ግን በሰው መሀል ይታጠፋል፤ ኮት ማስቀመጫ ካለ እዚያ ስጡት። አንዳንድ ባንድ የዚያኑ ምሽት ቅጂ ይሸጣል። ፒክሲስ በ2004 ዝግጅቱ እንዳለቀ በሩ ላይ ያንኑ ምሽት በሲዲ አትመው ይሸጡ ነበር። ከ2003 ጀምሮ ዕረፍት ላይ ነን ብለው እስከዛሬ ያልተመለሱት የዲሲዎቹ ፉጋዚ ደግሞ የድሮ ኮንሰርቶቻቸውን ከ800 በላይ ቅጂ በኢንተርኔት በአምስት ዶላር እያቀረቡ ነው፤ በዘመናቸው ቲኬታቸው በአብዛኛው የነበረበት ዋጋ ያው ነው። እነሱን የሚጠብቅ ሰው በዚያ ይጽናና።

ለመመለሻው፣ የመጨረሻው ባቡር የሚያልፍበትን ሰዓት ስትመጡ ጣቢያው ላይ እዩት፣ በሥራ ቀንና በሳምንት መጨረሻ ይለያያል። መኪና የምትጠሩ ከሆነ በሩ ላይ አትጥሩ፤ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚጠራ ዋጋው ይሰቀላል። ሁለት ብሎክ ወደ ዩ ስትሪት ተራመዱና ጥሩ። ሹፌሩ የእኛ ሰው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ አድራሻውን በአማርኛ ማስረዳት ይቻል ይሆናል። መሰኪያውን የምታወጡት ግን ከክለቡ ከወጣችሁ በኋላ ነው፣ ያውም ቀስ ብላችሁ፣ እያሽከረከራችሁ፤ በአንድ ጊዜ ሲነቀል የጆሮ ታምቡር ይስባል።